መጀመሪያ አልጋውን እዩት

ውድ ወጣት ጸሐፊዎች፣

አርታኢ ነኝና ስለ ጥንቱ ዓለም የተጻፈ ብዙ የልቦለድ ረቂቅ በእጄ አልፏል። አብዛኛው የሚጀምረው ከዙፋን ነው። ንጉሡ ይቆጣል፣ ሰይፍ ይመዘዛል፣ ንግሥቲቱ ታለቅሳለች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ማዛጋት እጀምራለሁ። የሚያናድደው ደግሞ ቋንቋቸው ማማሩ ነው።

እኔን ብትሰሙኝ፣ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት አዳዲስ የቁፋሮ ዘገባዎችን አንብቡ። ደረቅ ናቸው፣ አልዋሻችሁም። ግን ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

አንዱን ልንገራችሁ። ቬሱቪየስ የተባለው እሳተ ገሞራ በአመድ ከቀበራት የጥንት የሮማውያን ከተማ፣ ከፖምፔ ቅጥር ወጣ ብሎ፣ ቺቪታ ጁሊያና በሚባል ቦታ፣ የአንድ ባለጸጋ ቪላ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 አርኪኦሎጂስቶች እዚያ አንዲት ጠባብ ክፍል አገኙ። እንጨቱና ገመዱ በስብሶ አልቋል፤ አመዱ ውስጥ የቀረው ክፍተት ብቻ ነው። ክፍተቱን በጀሶ ሲሞሉት ሦስት አልጋዎች ወጡ። ፍራሽ የላቸውም፣ የተወጠረ ገመድ ብቻ። ሁለቱ 1 ሜትር ከ70 ያህል ይረዝማሉ። ሦስተኛው 1 ሜትር ከ40 ነው፤ የልጅ ሳይሆን አይቀርም። ከሥር ፖፖ አለ። ከላይ አንዲት ትንሽ መስኮት። ጥግ ላይ እንስራዎች ተከምረዋል፤ መኝታ ቤቱ መጋዘንም ነበር ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ባሮች፣ ምናልባትም አንድ ቤተሰብ፣ ይኖሩበት ነበር ይላሉ።

እስቲ ያቺን አጭር አልጋ አስቧት። ማን ተኛባት? ጌቶቹ ሲጠሩ ከሦስቱ መጀመሪያ የሚነሳው ማን ነበር? ይህን ጀሶ አይነግራችሁም። የእናንተ ሥራ እዚህ ጋ ይጀምራል።

ፒራሚድ ሲነሳም ጅራፍ የያዘ አለቃ የማይጽፍ የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዋዲ አል ጃርፍ ላይ፣ ታላቁን ፒራሚድ ካሠራው ከግብፁ ንጉሥ ከኩፉ ዘመን የቆዩ ፓፒረሶች፣ ማለትም ከደንገል በተሠራ ወረቀት ላይ የተጻፉ ጽሑፎች፣ ተገኙ። አንዱ ሜረር የተባለ የቡድን ኃላፊ የቀን መዝገብ ነው። ሰውዬው ከነሠራተኞቹ የኖራ ድንጋይ ቱራ ከሚባለው የድንጋይ ካባ በጀልባ ፒራሚዱ ወደሚሠራበት ጊዛ ያመላልሳል። ድንጋይ ጫኑ፣ ተጓዙ፣ እዚህ አደሩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከ4,500 ዓመት በፊት የተጻፈ የሥራ ሪፖርት! ለእኔ ከፈርዖን ንግግር ይበልጥብኛል።

ቀን ላይም ተጠንቀቁ። ቬሱቪየስ እ.ኤ.አ. በ79 ኦገስት 24 ፈነዳ ሲባል ኖሯል። በ2018 ግን ፖምፔ ውስጥ ግድግዳ ላይ በከሰል የተጻፈ ቀን ተገኘ፤ ኦክቶበር 17 ይላል። የከሰል ጽሑፍ ደግሞ ብዙ አይቆይም ተባለ። ስለዚህ ብዙዎች ፍንዳታውን ወደ ኦክቶበር አምጥተውታል። ገጸ ባሕርያችሁን በኦገስት ሙቀት ላብ በላብ አድርጋችሁ ከሆነ ረቂቁን መልሳችሁ እዩት።

መጽሐፉ ከታተመ በኋላ አዲስ ነገር ቢወጣስ? ይወጣል እንጂ። የፖምፔ ሲሶ ገና አልተቆፈረም። ያኔ በሚቀጥለው እትም ታስተካክላላችሁ፣ ማንም አይቀየማችሁም። እኔ የምቀየመው ዘገባውን አንብቦ፣ ለታሪኬ አይመቸኝም ብሎ እንዳላየ የሚያልፈውን ነው።