ጓዳሽን አሳዪ፣ ሁሉንም ግን አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ስፌት ትሰፊያለሽ፤ ያለቀለትን ሥራ ስትለጥፊ ሰው ልብ ሰጥቶ ያልፋል እንጂ አይገዛም። ስትሠሪ የሚያሳይ ፎቶ አንስተሽ እንዳትለጥፊ ደግሞ ቤቱ ዝርክርክ ነው፣ አሠራሬንም ይሰርቁኛል ብለሽ ፈርተሻል። እኔም እዚሁ ጎንደር መሶብና አገልግል እሰፋለሁ፤ በቴሌግራም መሸጥ ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የደረሰብኝን ልንገርሽ።

መጀመሪያ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። መሶቡን አራግፌ፣ ነጭ ነጠላ አንጥፌ፣ ፋሲል ግቢ አጥር ሥር ድረስ ተሸክሜ ሄጄ አንስቼዋለሁ። ያምር ነበር። የሚመጣው መልእክት ግን አንድ ነው፤ «ስንት ነው?» ዋጋውን ስነግር ጭጭ። አንዱማ «ለሣር ይሄን ሁሉ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ያሳየሁት ሣር ብቻ ነዋ።

አንድ ቀን አለላውን ነክሬ በረንዳ ላይ አስጥቼው ነበር። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ሐምራዊው ጎን ለጎን። እናቴ ከጎኑ ወስፌዋን ይዛ የመሶብ መነሻ ትሰፋለች። እንዲሁ ደስ ብሎኝ አነሳሁና ለጠፍኩት። ጥያቄው ጎረፈ። ሣሩ ከየት ይመጣል? በምን ይነከራል? ስንት ቀን ይፈጃል? ስለ ዋጋ ያነሳ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ በዚያው ሳምንት ግን ሁለት መሶብ ታዘዘልኝ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በደባርቅ መንገድ ያለችውን ወለቃን ታውቂያታለሽ፤ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩባት የነበረችው መንደር። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን በእጇ ስታበጅ ቆሞ ያየ እንግዳ ባዶ እጁን መመለስ ይከብደዋል። እኛም በስልክ የምናደርገው ያንኑ ነው።

አሁን እንዲህ ነው የምሠራው። አንዱን መሶብ ከመነሻው እስከ ክዳኑ እከተለዋለሁ። ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት አነሳና ቀኑን እጽፍበታለሁ፤ ቀን 1፣ ቀን 9፣ ቀን 20፣ ቀን 34። ሲያልቅ ሁሉንም ባንድ ላይ እለጥፋለሁ። ቴሌግራም እስከ 10 ፎቶ ባንዴ ይቀበላል። ዋጋውን የምጽፈው ከዚያ ሥር ነው። «ውድ ነው» ባይ ጨርሶ ጠፋ አልልሽም፤ ቀነሰ። ትልቁ ጥቅም ደግሞ ቀብድ ላይ ነው። ድሮ ቀብድ ስጠይቅ ሰው አያምነኝም ነበር። አሁን ለከፈለ ሰው በየሳምንቱ የራሱን መሶብ ፎቶ እልክለታለሁ፤ ቀሪውን ሲከፍል አያንገራግርም።

ጣቴን ወስፌ ወግቶኝ የለጠፍኩት ፎቶ ከሁሉም በላይ አስተያየት አግኝቶ ነበር። አልደገምኩትም። ልመና መሰለኝ።

ስለ ዝርክርኩ አትጨነቂ። ቁርጥራጭ ሣር መሬት ላይ ቢበተን ሥራ ነው። ያልታጠበ ሰሃን ጥግ ላይ ከታየ ግን አለቀልሽ፤ መሶብ እንጀራ የሚቀርብበት ዕቃ ነው። ጠዋት በር አጠገብ አንሺ፣ የካሜራውን መስታወት በነጠላሽ ጫፍ ጥረጊው። አምፖል ሥር ግን በፍጹም። ቀዩን ብርቱካናማ አስመስሎብኝ፣ አዲስ አበባ ያለች ደንበኛ «ያዘዝኩት ይሄ አይደለም» ብላ መሶቡን መለሰችብኝ። የመላኪያውን ደርሶ መልስ ከኪሴ ከፈልኩ።

ይሰርቁኛል ላልሽው፣ የመሶቡን ጌጥ፣ ሐረጉን፣ እኔም ከእናቴ፣ እሷም ከእናቷ ነው ያየችው፤ የኔ ነው ብዬ አልሟገትም። ፎቶ አይቶ ወር ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ብዙ የለም። የማላሳየው የቀለሙን ልክ ብቻ ነው። የሌላ ሰው ትዕዛዝም ሳላስፈቅድ አልለጥፍም፤ ይሄንን በወቀሳ ነው የተማርኩት። አንዲት አክስት ለሙሽራዋ በድብቅ ስሟን አሰፍታ ያዘዘችውን መሶብ ገና ሳይጨረስ ለጠፍኩት። ሙሽራዋ ቀድማ አየችው! አክስትየዋ ደውላ ያወረደችብኝን አልነግርሽም። አብረውኝ ከሚሰፉት አንዷም ፊቷ እንዲታይ አትፈልግም፤ የሷን እጇን ብቻ ነው የማነሳው።

ኢንተርኔት ሲጠፋ ማንሳቱን አታቁሚ፤ አጠራቅመሽ ሲመለስ ትለጥፊዋለሽ። ጊዜውን ግን አስቢበት። ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ የሠርጉም ወቅት ያኔ ነው። በጥር ለጥፈሽ በጥር ላድርስ ብትዪ አይሆንም፤ መሶብ ወር ይፈልጋል። እኔ የመጀመሪያውን ፎቶ ኅዳር ሲገባ እለቃለሁ፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ደግሞ ትዕዛዝ እዘጋለሁ።