የመብራት ሂሳብና የቤት ሶላር፦ የትኛው ወጪ ይቀንሳል፣ የትኛው አይቀንስም? ጥያቄና መልስ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እያደገ ነው። በሌላ በኩል የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ፓኔሉም ባትሪውም በብር ተወድዷል። ስለ ቤት ሶላር ከተጠየቁት መካከል ብዙ ሰው የሚያነሳቸው ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ አምስት ቤተሰብ ነን፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምንኖረው። ሂሳቡ አስጨነቀን። ሶላር ብናስገባ ስንት እናተርፋለን?

እህቴ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን ማን እንደሚበላው እንይ። አምፖልና ቴሌቪዥን አይደሉም፤ ሙቀት የሚሠራ ዕቃ ነው። ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። መጀመሪያ እስኪሞቅ ከሚወስደው ጊዜ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ከሠራ በአንድ ጋገራ 5 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታ የሚቆጥርበት መለኪያ) ሄደ ማለት ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ከጋገራችሁ በወር ከ40 በላይ። ባለ 50 ሊትር ቦይለር ቀዝቃዛ ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ከዋለ ደግሞ ማንም ሳይታጠብበት በየቀኑ 1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል በሙቀት መልክ ያባክናል። ስምንት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ ግን በወር 11 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ያለ ምንም ግዢ የሚቀነሰውን አስቀድሙ። ቦይለሩን ከመታጠባችሁ ከአንድ ሰዓት በፊት አብሩት፣ ከዚያ አጥፉት። እንጀራውን በሁለት ቀን ከመጋገር በአንድ ቀን ጨርሱት፤ ምጣዱን ከቀዝቃዛ ማስነሳቱ ነው ብዙ የሚበላው። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች አጥፍታችሁ ማውጣት ይቻላል። የፍሪጁ በር ላይ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉትና ሳቡት፤ ወረቀቱ ያለ ትግል ከወጣ ጎማው አልቋል፣ ሞተሩም አያርፍም።

የኮንዶሚኒየም ጣሪያ የጋራ ነው። ያለ ኮሚቴው የጽሑፍ ፈቃድ አንድ ብሎን እንኳ እንዳታስመቱበት።

ጥያቄ፦ ቆጣሪዬ የሚዘል ይመስለኛል። ቤቱ ውስጥ ምንም ሳይበራም ካርዱ ያልቃል። እንዴት ልመርምረው?

የኤሌክትሮኒክስ ቆጣሪ ፊት ላይ ብልጭ የሚል ቀይ መብራት አለ። አጠገቡ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚበራ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ 1,000 ወይም 1,600 ነው። ባለ 1,000 ከሆነ በሁለት ብልጭታ መካከል ያለውን ሴኮንድ ቁጠርና 3,600ን ለእሱ አካፍል። በየ36 ሴኮንዱ ከበራ ቤትህ 100 ዋት እየሳበ ነው።

አሁን ሁሉንም ዕቃ ከሶኬት ንቀል። መብራቱ አሁንም ብልጭ ካለ ዋናውን ብሬከር አውርድ። ሲወርድ ከቆመ ችግሩ ከብሬከሩ በኋላ፣ ማለትም በቤትህ መስመር ውስጥ ነው፦ የተላጠ ሽቦ፣ እርጥበት የገባበት ሶኬት፣ ወይም ከአንተ መስመር የተቀጠለ ሌላ ክፍል። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያነሳህ የትኛው ላይ እንደሚጀምር እይ። ዋናው ወርዶም ከቀጠለ ከቆጣሪው እስከ ብሬከሩ ባለው ሽቦ ላይ ነውና አትንካው፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ አመልክት። ብልጭታውን በመቁጠር የእያንዳንዱን ዕቃ ፍጆታም ያለ ምንም መሣሪያ ማወቅ ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ለፍሪጅ፣ ለቴሌቪዥን፣ ለመብራትና ለዋይፋይ ብቻ የሚሆን ሶላር ምን ያህል ይበቃል? ሻጮች ሁሉ የተለያየ ነገር ይነግሩኛል።

የሻጩን ትተህ ይህን ስሌት ራስህ ሥራው። በቀን ፍሪጅ 1.2፣ ቴሌቪዥን 0.4፣ መብራት 0.36፣ ዋይፋይ 0.24፣ ስልክና ላፕቶፕ 0.2 ኪሎዋት ሰዓት፤ ድምሩ 2.4።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ኢንቨርተሩ፣ ማለትም የፓኔሉንና የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚለውጠው መሣሪያ፣ ራሱ የሚበላውን ነው። ምንም ሳይጫንበት 35 ዋት ከሳበ በ24 ሰዓት 0.84 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ከቴሌቪዥኑ ሁለት እጥፍ መሆኑ ነው። «ትልቅ ኢንቨርተር ይሻላል» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ያስከፍላል፤ ባለ 5 ኪሎዋቱ ከ50 ዋት በላይ በባዶው ሊስብ ይችላል። ከመግዛትህ በፊት ይህን ቁጥር ከመግለጫው ላይ ፈልግ።

2.4 እና 0.84 ሲደመሩ 3.24። በሽቦ፣ በሙቀት፣ በአቧራና በባትሪ የሚጠፋውን ለማካካስ ለ0.75 አካፍለው፣ 4.3 ይመጣል። በአዲስ አበባ በበጋ የቀኑ ፀሐይ ወደ ሙሉ ጉልበት ፀሐይ ሲጠቃለል በቀን ከ5 ሰዓት በላይ ይቆጠራል፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን 4 አድርገህ አስላ፤ ሥርዓቱ የሚፈተነው በክረምት ነውና። 4.3 ለ4 ሲካፈል 1.08 ኪሎዋት፣ ማለትም ሁለት ባለ 550 ዋት ፓኔል።

ማታ ከ12 ሰዓት እስከ ጠዋት ያለው ፍጆታ ከኢንቨርተሩ ጋር 2 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። ባለ 25.6 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊትየም ባትሪ 2.56 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ 80 በመቶውን ብትጠቀም 2.05። ጠባብ ቢሆንም ይበቃል፣ መብራት ሲኖር ደግሞ እሱ ያግዛል። ኢንቨርተሩ ባለ 24 ቮልት፣ ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት፣ ንጹሕ ሞገድ (እንደ መብራት ኃይሉ ለስላሳ የሆነ) ያለው ይሁን። የርካሹ ሞገድ የፍሪጅ ሞተር ላይ ድምፅና ሙቀት ያመጣል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል።

ጥያቄ፦ ሁለት ባለ 550 ፓኔል በተከታታይ (የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ) አገናኝቼ ነበር፣ ቻርጅ ኮንትሮለሩ (ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጣጠረው ዕቃ) አንድ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ሻጩ «መብረቅ ነው» አለኝ።

ኮንትሮለሩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ቮልቴጅ 100 ከሆነ መብረቅ አያስፈልገውም። ባለ 550 ፓኔል ጭነት ሳይኖረው ወደ 50 ቮልት ይሰጣል፣ ሁለቱ በተከታታይ 100። ይህ ቁጥር የተለካው በ25 ዲግሪ ነው። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ጠዋት 5 ዲግሪ ላይ ፀሐይ ስታርፍበት 105 ይደርሳል። ኮንትሮለሩን የገደለው ያ ነው። ዋትን እንጂ ቮልቴጅን አይተው የማይሸጡ ሰዎች ይህን ስሕተት ደጋግመው ያሠራሉ።

መፍትሔው ከ145 ቮልት በላይ የሚችል መግዛት ነው፣ ወይም ኮንትሮለሩ ከፈቀደ ሁለቱን ፓኔሎች ትይዩ (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) ማገናኘት። ትይዩ ከሆኑ አምፒሩ ስለሚደመር፣ ወደ 28 አምፒር፣ ሽቦው 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። ኮንትሮለሩ በውስጣቸው ያለ አንዳንድ ኢንቨርተሮች ሥራ ለመጀመር ከፓኔሉ 60 ወይም 120 ቮልት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም አንብብ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ኢንቨርተሩ በደንብ አይቀዘቅዝም፤ ብዙ አምራቾች ከ2,000 ሜትር በላይ አቅሙን ቀንሳችሁ ተጠቀሙ ይላሉ። ባለ 3 ኪሎዋቱን 3 ኪሎዋት አታሸክመው፣ ቁም ሳጥን ውስጥም አትዝጋበት።

ጥያቄ፦ ምጣድ በሶላር ይሠራል?

ይሠራል፣ ግን በባትሪ አይመከርም። 3,500 ዋት ባለ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ሊትየምን በአንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ባዶ ያደርገዋል፣ ማታ ጨለማ ውስጥ ትቀመጣላችሁ። ፓኔሉ ከ4 ኪሎዋት በላይ፣ ኢንቨርተሩ ቢያንስ 5 ኪሎዋት ከሆነና ከቀኑ 5 እስከ 8 ሰዓት ከጋገራችሁ ግን አብዛኛው ከፀሐይ በቀጥታ ይመጣል። ለምጣድ ብቻ ብሎ ስምንት ፓኔል መግዛት ለኔ ስሜት አይሰጥም። በሌሎች ቀናት ትርፉን የምታውሉበት የውሃ ፓምፕ ወይም ቦይለር ካለ ሌላ ጉዳይ ነው።

ምጣዱ ከመብራት ኃይልም ሆነ ከኢንቨርተር ቢሠራ የራሱ መስመር ይኑረው፦ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና ባለ 20 አምፒር ብሬከር። 16 አምፒር የሚስብ ዕቃ በዲቫይደር ላይ ተሰክቶ ሲታይ ቀጥሎ የሚመጣው የቀለጠ ሶኬት ነው።

ጥያቄ፦ በንጹሕ ገንዘብ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ቁርጡን ንገሩን።

ምን እንደሚተካ ይወስነዋል። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በዚህ ስሌት አካፍሉት። አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል በዓመት 750 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ በ20 ዓመት መድከሙ ታስቦ 14,000 ያህል። የፓኔሉን ዋጋ ለ14,000 አካፍሉ። ባለ 5.12 ሊትየም በ80 በመቶ አጠቃቀም 4,000 ጊዜ ቢሞላና ቢራገፍ 16,000 ኪሎዋት ሰዓት ያሳልፋል፤ ዋጋውን ለ16,000 አካፍሉ። ኢንቨርተሩንም አሥር ዓመት ይሠራል ብላችሁ በዚያው ጊዜ ለሚያሳልፈው አካፍሉ። ሦስቱን ስትደምሩ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሶላር ዋጋ ይወጣል።

ያንን ደረሰኛችሁ ላይ ካለው የታሪፍ እርከን (እንደ ወር ፍጆታ መጠን ከሚለያየው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ) ጋር አስተያዩት። ዝቅተኛው እርከን ላይ ያለ ቤት በፍጹም አያዋጣውም፤ የአገራችን መብራት ለትንሽ ተጠቃሚ ርካሽ ነው። ከፍተኛው እርከን ላይ ያለ፣ ቀን ቀን ሰው ያለበት ቤት በፓኔሉ በኩል ሊያዋጣው ይችላል፤ በባትሪው በኩል ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጄኔሬተር ያለው ቤት ወይም ሱቅ ግን አያመንታ። ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር 1 ወይም 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚያወጣው፤ የሊትሩን ዋጋ በዚህ አካፍሉና ልዩነቱን እዩ።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ በፀሐይ ውሃ የሚያሞቀው ታንከር ነው። 150 ሊትር ውሃን በ35 ዲግሪ ማሞቅ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህን ከቦይለር ላይ የሚያነሳ ዕቃ ባትሪም ኢንቨርተርም አይፈልግም። ቦይለር ለሚጠቀም ቤተሰብ ከማንኛውም ፓኔል በፊት እሱን እመርጣለሁ። ሮቶው ከታንከሩ ከፍ ብሎ መቀመጡን ብቻ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ትርፉን በቅድመ ክፍያ ቆጣሪው በኩል ወደ መስመሩ ብመልሰው ካርዴ ይቆጥብልኛል?

የለም። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ቆጣሪ የሚወጣውንም እንደሚገባ ይቆጥራል፤ ሰጥተህ ትከፍላለህ። ከአገልግሎቱ ጋር የጽሑፍ ውል ሳይኖር ኢንቨርተሩን ወደ መስመር እንዳይመልስ አድርገህ አስተካክለው። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ጫፉ ወንድ በሆነ ገመድ ኢንቨርተርን ሶኬት ላይ የሚሰኩ ሰዎችም አሉ። ያ ኤሌክትሪክ በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ ሄዶ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሆናል፣ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ይገድላል። ቤቱን ወይ ከመስመሩ ወይ ከኢንቨርተሩ ብቻ የሚያገናኝ መለወጫ ስዊች ይግባ፣ ድርድር የለውም።

ጥያቄ፦ ሐሰተኛ ፓኔልና ባትሪ በምን ይለያል?

በሜትርና በሚዛን። ጥሩ ፓኔል ከአንድ ካሬ ሜትር 210 ዋት አካባቢ ይሰጣል። የ550 ዋቱ 2.28 በ1.13 ሜትር ነው፣ ወደ 28 ኪሎ ይመዝናል። 1 ሜትር በ70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፓኔል ላይ «300 ዋት» ተጽፎ ካያችሁ 150ም አይሞላም። ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ከ50 ኪሎ በላይ ይከብዳል፤ በአንድ እጅ የሚነሳ ከሆነ ውስጡ የተጻፈው የለም። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይራገፍ ይመረጣል፣ ስለዚህ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ቢባልም የምትጠቀሙት 1.2 ነው።

ጥያቄ፦ ገጠማውን ባለሙያ ሲሠራ ምን ምን ልከታተል?

ፓኔሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይዘንበል፤ ከዚያ ከተኛ ዝናብ አያጥበውም። ብሎኑ ቆርቆሮውን ብቻ ሳይሆን የጣሪያውን እንጨት ይያዝ፣ ከሥሩ የጎማ ቀለበት ይኑር፣ ከቆርቆሮው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የሮቶ ወይም የዲሽ ጥላ አንድ ጥግ ላይ ቢያርፍ እንኳ የዚያን ፓኔል ሲሶ ምርት ሊያጠፋ ይችላል።

በፓኔሉ በኩል የሚገባው ብሬከር የዲሲ መሆኑን ራስዎ ያንብቡ፤ ዲሲ የፓኔልና የባትሪ፣ ኤሲ የመስመሩ ኤሌክትሪክ ነው። የኤሲ ጅረት በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል። ዲሲ ግን አያቋርጥም፤ የኤሲ ብሬከር ውስጥ ነዶ ይቀጥላል። ለ24 ቮልት 3 ኪሎዋት፣ ከባትሪ እስከ ኢንቨርተር 35 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልበለጠ ገመድና ከባትሪው አፍ አጠገብ ባለ 150 አምፒር ፊውዝ ያስፈልጋል። የኤምሲ4 ማያያዣዎች (የፓኔል ገመዶችን የሚያገናኙት) ወንዱም ሴቱም የአንድ አምራች ይሁኑ፤ የተቀላቀሉት ይሞቃሉ። ሥራው ካለቀ በኋላ እኩለ ቀን ላይ ማያያዣዎቹንና የባትሪውን ጫፎች በእጅ ጀርባ ከውጭ ይሞክሯቸው፤ ከገመዱ በላይ የሚሞቅ ካለ አልጠበቀም።

በበጋ ፓኔሎቹን በየሦስት ሳምንቱ በጠዋት፣ ሳይሞቁ፣ በውሃ ብቻ ይጠቧቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ቨርጂኒያ ነኝ። ደብረ ብርሃን ላሉት ወላጆቼ ኢንቨርተር ከዚህ ገዝቼ ልላክ?

የአሜሪካው 120/240 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። መግለጫው ላይ ሁለቱንም ይሠራል ካልተባለ አይሆንም። ቢሠራም ሲበላሽ ዋስትናው እዚያው አንተ ዘንድ ይቀራል። ኢንቨርተሩን እዚህ በደረሰኝና በዋስትና ይግዙ። ከዚያ መላክ ካለብህ ዲሲ የሚለካ ክላምፕ ሜትር (ገመዱን ታቅፎ ጅረት የሚለካ) እና ትክክለኛ የኤምሲ4 መጭመቂያ ፒንሳ ላክ፤ እዚህ በጉጠት ነው የሚጨመቀው፣ ብዙው ቃጠሎም ከዚያ ይነሳል።