የጉድጓድ ውሃ ጥያቄና መልስ፦ ከሜጫ፣ ከዳንግላና ከባሕር ዳር ዙሪያ

በዚህ በጋ ስለ ጉድጓድ ውሃ የደረሱኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ እመልሳለሁ። ተጨማሪ ያላችሁ ጠይቁ።

ከመራዊ፦ ጉድጓዳችን 12 ሜትር ነው። ድሮ እስከ ግንቦት ይዘልቅ ነበር። አሁን የካቲት ላይ ባልዲው ጭቃ ይዞ ይወጣል። ዝናቡ ግን ያው ነው። ምን ነካው?

በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ የሚያገኘው ከጠጣሩ ድንጋይ በላይ ካለው አፈርና ከላላው ድንጋይ ነው። ክረምት ይሞላል፣ መስከረም ላይ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል። ማንም ባይነካው እንኳ ከፊሉ ወደ ወንዝ ይሰርጋል። የአንድ ዓመት ቀለብ ነው በሉት። የተለወጠው ተመጋቢው ነው፤ ሞተር መጣ።

ሂሳቡን እንየው። አንድ ቃዳ ሽንኩርት በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። ቃዳው 2,500 ካሬ ሜትር ነው። በቀን 12,500 ሊትር፣ ማለትም ከ60 በርሜል በላይ! ይህን በባልዲ የሚያወጣ ሰው የለም። ሞተር ግን ያወጣዋል። በ100 ቀን 500 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አፈሩ ደግሞ የያዘውን ሁሉ አይለቅም። ከመጠኑ 5 በመቶ ይለቃል ብንል፣ ይህን ለማግኘት ውሃው ከማሳው ሥር 10 ሜትር መውረድ አለበት። ያን ያህል የማይወርደው ከጎረቤት መሬት ሥር ስለሚሳብ ነው። የእናንተም የካቲት ላይ የነጠፈው በዚህ ይመስለኛል። በዙሪያችሁ ስንት ሞተር እንዳለ ቁጠሩ።

ከዳንግላ፦ ጥልቅ ጉድጓድ ቢቆፈርልን አንገላገልም?

ለመጠጥ፣ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ከዳንግላ እስከ ባሕር ዳር ያለው ጥቁር ድንጋይ ቀዳዳና ስንጥቅ የበዛበት ስለሆነ ጥሩ ውሃ ይይዛል። ባሕር ዳር ጣና አጠገቧ እያለ አብዛኛውን የመጠጥ ውሃ የምታገኘው ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። ግን የታችኛውም ውሃ ከዝናብ የመጣ ነው፤ የሚሞላው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው። ለመስኖ ያለ ልክ ከተሳበ እሱም ይወርዳል፣ የነዳጁም ወጪ ከጥልቀቱ ጋር ይጨምራል።

የክረምቱን ጎርፍ ቀድጄ ወደ ጉድጓዴ ብለቀውስ?

አደራ፣ እንዳያደርጉት! ጎርፉ የከብት እበትና የሽንት ቤት እጣቢ ይዞ ይገባል፤ ቤተሰብ ይታመማል። ውሃው በአፈር ተጣርቶ ይውረድ። ከጉድጓዱ በላይ ባለው ተዳፋት እርከን ይሥሩ፣ ከእርከኑ ሥር ማስረጊያ ጉድጓድ ይቆፍሩ፣ ከብቱንም ከዚያ ያርቁ። አንድ ነገር ልጨምር። መሬት ለዓመታት በአንድ ጥልቀት ሲታረስ ከማረሻው ጫፍ በታች ይጠጥራል። ዝናቡ እዚያ ላይ ይቆምና ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል። ያን ሽፋን ጠለቅ አድርጎ መሰንጠቅ ውሃውን ያሰርጋል።

ባህር ዛፉን እንንቀለው?

ሁሉንም አልልም፤ የስንቱ ቤት ኑሮ ነው። ከምንጭ አናትና ከጉድጓድ አጠገብ ያለው ግን ይነሳ። ሥሩ ጥልቅ ነው፣ በበጋም መጠጣቱን አያቆምም። በምትኩ ዶቅማ፣ ሾላ፣ ዋንዛ ይተከል።

ጎረቤቴ ሁለት ሞተር ተክሎ የእኔ ጉድጓድ ደረቀ። ሕጉ ምን ይላል?

በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት ውሃ የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው፤ ለቤት ፍጆታ የሚውለው ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ ግን ፈቃድ አይጠየቅም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ከወረቀቱ ይልቅ ሽማግሌ ይቀርባል። በወንዝ መስኖ የውሃ አባት ተራ ያወጣ የለም? ለሞተርም ተራ ይውጣ። ሁለታችሁ በአንድ ቀን አትሳቡ፤ ጉድጓዱ ሌሊት ይመለስ።

ውሃው ሊያልቅ መሆኑን አስቀድሜ በምን ልወቅ?

ገመድ ላይ ድንጋይ እሰሩ፣ በየሜትሩ ቋጠሮ አድርጉ። በየወሩ 1 እና 15 ቀን፣ ጠዋት ውሃ ከመቀዳቱ በፊት አውርዱት። ከአፉ እስከ ውሃው ስንት እንደሆነ በልጆች ደብተር ጻፉ። ታኅሣሥ 1 ላይ ያለው ከአምናው አንድ ሜትር ከወረደ፣ ሽንኩርቱን ከመትከላችሁ በፊት ቃዳውን በግማሽ ቀንሱ።