ድሬ ላይ ትኩሳት ሲይዝ፦ ጥያቄና መልስ

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ ድሬዳዋ። ስለ ትኩሳት የጠየቃችሁኝን ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው። ድሬ አንቱታ ስለማያውቅ አንተ፣ አንቺ ብል አትቀየሙ።

ጥያቄ፦ ወባ የገጠርና የክረምት በሽታ አልነበረም እንዴ? ከተማ መሃል፣ ከዚራ ሰፈር፣ በበጋ ምን አመጣው?

መልስ፦ አዲስ ትንኝ። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ትባላለች፣ ከእስያ የመጣች ናት። ጅቡቲ በ2012፣ እኛ አገር ቀብሪደሃር በ2016 ተገኘች። ነባሯ ትንኝ የዝናብ ኩሬ ትፈልጋለች። ይህቺ ግን በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ የማያጠራቅም ቤት የለም። በ2022 በበጋ ድሬን ያመሰውን ወረርሽኝ ያጠኑ ተመራማሪዎች ከእሷ ጋር አያይዘውታል፤ ጥናቱ በ2023 ወጥቷል። ጅቡቲን እዩ፦ በ2012 የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ነበር፣ በ2020 ከ73 ሺህ አለፈ። ሮቶህን ግጥም አድርገህ ክደን፤ በርሜሉን በየሳምንቱ ደፍተህ ውስጡን ፈትግ።

ጥያቄ፦ ፈጣን ምርመራው ነጌቲቭ አለኝ። እኔ ግን እየተንቀጠቀጥኩ ነው።

መልስ፦ በብዛት የምንጠቀምበት ኪት ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው የሚፈልገው። ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረ መል የጎደላቸው የወባ ተሕዋስያን ኤርትራም እኛም አገር ተገኝተዋል። ኪቱ እነሱን ሊያልፋቸው ይችላል። ማይክሮስኮፕ ግን አይታለልም፤ የሚያየው ሰው ካልቸኮለ። ደምህ ስላይድ ላይ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ ሆኖ ይቀባል፣ ጊምሳ በሚባል ቀለም ይቀለማል። ወፍራሙ ወባ መኖሩን፣ ስሱ ዓይነቱን ይነግረናል። ትኩሳቱ ካልለቀቀህ በማግስቱ ተመለስና አስደግም።

ጥያቄ፦ ሁሌ «ታይፎይድ አለብሽ» እባላለሁ።

መልስ፦ ይሄ ነገር ያናድደኛል። የዊዳል ምርመራ ባክቴሪያውን አያሳይም፤ የሚያሳየው ሰውነትሽ የሠራውን መከላከያ ነው። ያ ደግሞ ድሮ ከያዘሽ ሕመም የቀረ ሊሆን ይችላል። ቁርጡን የሚነግርሽ የደም ካልቸር ነው፤ ባክቴሪያውን ከደምሽ አሳድጎ ማየት ማለት ነው። ቀናት ይፈጃል፣ አዎ።

ጥያቄ፦ ወባዬ በየጊዜው ይመለሳል። መድኃኒቱ ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ከሆነ ጉበት ውስጥ ይደበቃል። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ነው የሚገድለው። የተደበቀውን የሚያጸዳው ፕሪማኩይን ነው፤ በተለመደው አወሳሰድ 14 ቀን። ብዙ ሰው በአራተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ይተወዋል። አንዴ ብቻ የሚዋጥ ታፌኖኩይን የሚባል መድኃኒትም አለ። ሁለቱም ግን ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም ያነሰውን ሰው ደም ያፈርሳሉ። ስለዚህ ምርመራው ይቅደም። ነፍሰ ጡር ሁለቱንም አትወስድም።

ጥያቄ፦ ጫት ወባ ይገድላል?

መልስ፦ አይገድልም።

ጥያቄ፦ አራስ ልጄን አተኮሰው። ኮአርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒት ልስጠው?

መልስ፦ ከ5 ኪሎ በታች ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ ኮአርተም በ2025 ስዊዘርላንድ ውስጥ ጸድቋል። አንተ ግን የትልቅ ሰው ክኒን ቆርሰህ እንዳትሰጥ። አራስ ካተኮሰ አሁኑኑ ሆስፒታል ነው።

ጥያቄ፦ መገጣጠሚያዬ ተሳሰረ፣ ወባ ግን የለብኝም። ዲክሎፌናክ ልወጋ?

መልስ፦ ቆይ! ድሬ በ2013 ዴንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን አይታለች። ሁለቱም ትንኝ የምታስተላልፋቸው የቫይረስ በሽታዎች ናቸው፤ በመልክ ይመሳሰላሉ። ዴንጊ ከሆነ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን መድማትን ያብሳሉ። እስኪለይ ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ውሰድ። ትኩሳቱ በረድ ሲል ደግሞ አትዘናጋ፤ ዴንጊ የሚከፋው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ሆድህን አጥብቆ ካመመህ፣ ማስታወክ ካላቆመ ወይም ድድህ ከደማ፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጥራና ድል ጮራ ሆስፒታል ሂድ።