እናታችን በሕይወት እያሉ ቤታቸው ሊሸጥ ነው

ጥያቄ፦ እናታችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ይኖራሉ። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እኛን ልጆቻቸውን እንኳ የሚለዩት አንዳንዴ ነው። ታላቅ ወንድማችን ከሕመማቸው በፊት በሰጡት ውክልና ኪራይ ይሰበስባል፤ አሁን ቤቱን ለመሸጥ ደላላ እያመጣ ነው። እኅታችን ደግሞ አምና የተጻፈ ኑዛዜ አለኝ ትላለች። አባታችን በ2008 ዓ.ም. አርፈዋል፤ አራት ልጆች ነን። ሽማግሌዎች «ካሁኑ ተካፍላችሁ ተፈራረሙ» ብለውናል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ አትፈራረሙ። በሕይወት ባለ ሰው ውርስ ላይ የሚደረግ ውል ዋጋ የለውም፤ የእናታችሁ ውርስ ገና አልተከፈተም። ሽማግሌዎቹ ማን እንደሚያስታምማቸውና የመድኃኒቱን ወጪ ማን እንደሚችል ቢያስማሟችሁ ይበልጥ ይጠቅማሉ።

የተከፈተው የአባታችሁ ውርስ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የእናታችሁ ነው። ሌላው ግማሽ፣ አባታችሁ ካልተናዘዙ፣ ለአራታችሁ እኩል ስለሚከፈል ለእያንዳንዳችሁ ከቤቱ አንድ ስምንተኛ ይደርሳል። በእናታችሁ ውክልና የእናንተን ድርሻ መሸጥ አይቻልም። የወራሽነት ማረጋገጫችሁን ከፍርድ ቤት አውጡ።

የእሳቸውን ድርሻ በተመለከተ መጀመሪያ ውክልናውን አንብቡት። ጠቅላላ ውክልና ኪራይ ለመሰብሰብ ይበቃል፤ ቤት ለመሸጥ ግን ይህን ሥልጣን ለይቶ የሚሰጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ልዩ ቢሆን እንኳ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል።

ስለዚህ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 351 መሠረት የፍርድ ክልከላ፣ ማለትም በአእምሮ ሕመም ምክንያት ራሳቸውንና ንብረታቸውን በራሳቸው እንዳያስተዳድሩ የሚያደርግ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ እንዲሰጥ አመልክቱ። ልጅ፣ ሌላ ዘመድ ወይም ዐቃቤ ሕግ ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በሕክምና ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ «ግማሽ አካላቸው አይንቀሳቀስም፣ ደም ግፊት አለባቸው» ብቻ ካለ ስለ አእምሯቸው ምንም አልተናገረም። መናገር አቅቷቸው ሁሉን የሚረዱ ሕሙማን አሉ፤ እነሱን እንደ አእምሮ ሕመምተኛ መቁጠር ግፍ ነው። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ስትሄዱ፣ ሐኪሙ ገንዘብ ይለዩ እንደሆነ፣ የሚፈርሙት ወረቀት የሚያስከትለውን ይረዱ እንደሆነ፣ የመሻል ተስፋ አለው ወይስ የለውም የሚለውን እንዲጽፍ ጠይቁ። ፍርድ ቤቱ እሳቸውን ሳያይ አይወስንም፤ መንቀሳቀስ ካልቻሉ ዳኛ ወይም የተመደበ ባለሙያ ቤት ድረስ ሄዶ እንዲያያቸው በማመልከቻው ላይ ጥቀሱ።

በዚያው ቀን የሽያጭ እግድ ጠይቁ። እግዱ እንደተሰጠ ደብዳቤውን ራሳችሁ ተከታትላችሁ የቤቱ ማኅደር ላለበት ቢሮና ለሰነድ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት አድርሱት። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ተኝቶ ሳለ የሚያልቅ ሽያጭ አለ።

ክልከላው ሲወሰን ፍርድ ቤቱ ለአካላቸው አሳዳሪ፣ ለንብረታቸው ሞግዚት ይሾማል። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል፤ እናንተ እየተጨቃጨቃችሁ ስለሆነ ግን ለያይቶ መጠየቁን እንመርጣለን። ኪራዩም በእናታችሁ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ።

ኑዛዜውን አሁን አትሟገቱበት፤ እሳቸው በሕይወት እያሉ ለማንም አያወርስም። ፎቶ ኮፒውን ግን ያዙ። በግልጽ የተደረገ ኑዛዜ ከሆነ ቀን፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡን የሚገልጽ ቃል፣ የሁሉም ፊርማ ሊኖረው ይገባል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ከክልከላ በፊት የተጻፈን ኑዛዜ በአእምሮ ሕመም ለማፍረስ፣ በተጻፈበት ጊዜ ሕመሙ በግልጽ የታወቀ እንደነበር ማስረዳት ያሻል። የአምናውን የሆስፒታል ካርድ ከወዲሁ አውጡ።

ጥያቄ፦ ሥራዬን ትቼ አባቴን ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ከወንድሞቼ የበለጠ ይደርሰኛል?

መልስ፦ ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ማስታመም ድርሻ አይጨምርም። ከኪስዎ ያወጡትን ግን ከክፍፍሉ በፊት ከውርሱ ላይ እንደ ዕዳ መጠየቅ ይችላሉ። የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የባንክ ማስተላለፊያ፣ ለአስታማሚ የከፈሉበትን ፊርማ በየወሩ በፖስታ ለይተው ያስቀምጡ። የውርስ አጣሪው፣ ማለትም የሟቹን ሀብትና ዕዳ የሚያጣራው ሰው፣ የሚቀበለው ይህን ነው።