«ልጄ እስካሁን ሁሉንም ክትባት ወስዷል፤ የፖሊዮ ዘመቻው ጠብታ ለምን ይደገማል?» ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ኮምቦልቻ እንደምትኖሪ፣ ልጅሽ 14 ሳምንት ሊሞላው እንደሆነ ጽፈሻል። ጎረቤቶችሽ «ፖሊዮ ከአገራችን ጠፍቷል፤ ደግሞ ጠብታው ራሱ ነው የሚያመጣው» ይላሉ። አማትሽም «በአንድ ቀን ሦስት መርፌ ለሕፃን አይሆንም» ብለው ተቆጥተዋል። መልሴ አጭር ነው፦ መርፌውንም ጠብታውንም ያግኝ፣ የዘመቻ ሠራተኞች ሲመጡም በሩን ክፈቺላቸው። ምክንያቱን ግን በረጅሙ ልንገርሽ፣ የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ይዞኝ ያደግኩ የደሴ ሰው ነኝና።

መደበኛ ክትባት በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በፊት ስለሆነ እናቴ ልታስከትበኝ ብትፈልግም የምትወስደኝ ቦታ አልነበረም። ድክ ድክ እያልኩ ሳለ ትኩሳት ያዘኝ፤ ትኩሳቱ ሲለቀኝ ግራ እግሬ አልታዘዝ አለ። ወሎ አይደል፣ ጠበልም ወሰዱኝ፣ ሼህ ዘንድም ሄደው ዱዓ አስደረጉልኝ። ለትኩሳቱ መርፌ ተወግቼ ስለነበር ዘመዶቼ እስከ ዛሬ «መርፌ ነው ያሽመደመዳት» ይላሉ። በሽታውን መርፌ አያመጣውም። ነገር ግን ቫይረሱ አስቀድሞ ሰውነት ውስጥ ከገባ፣ ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ሽባነቱን ወደዚያ እግር ሊስበው እንደሚችል ሐኪሞች ያውቃሉ። ክትባቱ ከቫይረሱ ቀድሞ እንዲደርስ የሚፈለገውም ለዚህ ጭምር ነው።

ቫይረሱ የሚገባው በአፍ ነው፤ በሰገራ በተበከለ ውኃ፣ በምግብ፣ ባልታጠበ እጅ። ጉሮሮና አንጀት ውስጥ ይራባል። አብዛኛው ልጅ ምንም አይሰማውም፣ ወይም ጉንፋን የመሰለ ነገር ይዞት ያልፋል። ከ200 ልጆች አንዱን ገደማ ግን ሽባ ያደርጋል፤ ሽባ ከሆኑት መካከል ደግሞ ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት የመተንፈሻ ጡንቻቸው ስለሚዝል ይሞታሉ። እስቲ አስቢው፦ አንድ ልጅ ሽባ ሆኖ ሲታይ፣ ቫይረሱን በሰገራቸው እያስወጡ ሲሮጡ የሚውሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጤነኛ መሳይ ልጆች አሉ ማለት ነው። «እኛ ሰፈር አንድም ሽባ ልጅ የለም» የሚለው ወሬ የማያጽናናኝ ለዚህ ነው።

እኔ ላይ ያደረሰው ጉዳት ያለው አከርካሪዬ ውስጥ ነው፤ ጡንቻን የሚያዙ የነርቭ ሴሎችን ገደላቸው። ስሜትን ግን አይነካም። እሾህ ሲወጋኝ፣ ሙቅ ውኃ ሲነካኝ በደንብ ይሰማኛል፤ እግሬን ማንሳት ነው የማልችለው። አእምሮንም አይነካም፣ ምንም እንኳ አጠገቤ ቆመው እናቴን «ትሰማለች?» የሚሏት ብዙዎች ቢሆኑም። ያ እግር ከሌላኛው ቀጠነ፣ አጠረም፤ ወገቤም በዚያው ጎበጠ። ደግሞ ይቀዘቅዛል! ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ እግሬ በርዶ ይጠቁራል፣ ካልሲ ደርቤም አይሞቅልኝ። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ነች። ለዓመታት ዳገት የምወጣው ጉልበቴ እንዳይከዳኝ ጭኔን በእጄ እየደገፍኩ ነበር። አሁን እዚሁ ደሴ ካለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ባገኘሁት ብሬስ (የእግር መደገፊያ)ና በክራንች ነው የምሄደው።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ደግሞ ልንገርሽ። ፖሊዮ በልጅነት አልፎ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ከሞት የተረፉት ነርቮች፣ ወላጅ የሌላቸውን የዘመድ ልጆች ሰብስቦ እንደሚያሳድግ ሰው፣ ባለቤት ያጡትን ጡንቻዎች ተረክበው በደርብ ሲሠሩ ይኖራሉ። ከአሥራ አምስት፣ ከሠላሳ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ይደክማቸዋል። እኔንም ከአርባ አምስት ዓመቴ ወዲህ ደህና የነበረው ቀኝ እግሬ ጭምር ይዝል ጀመር፤ መገጣጠሚያዬን ያመኛል፣ ከሰዓት በኋላ ድካሙ ያንበረክከኛል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ፊዚዮቴራፒ፣ እረፍትና ብሬስ ያግዛሉ፣ በቃ።

አሁን ወደ ጎረቤቶችሽ። «ጠፍቷል» ያሉት በከፊል እውነት ነው። አፍሪካ ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ታውጇል። «ጠብታው ያመጣዋል» ያሉትም ከመሬት የተነሣ አይደለም፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሰሙት። ጠብታው ውስጥ ያለው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው፤ ልጁ ለጥቂት ሳምንታት በሰገራው ያስወጣዋል። የአካባቢው ልጆች ከተከተቡ ማረፊያ አጥቶ ይጠፋል። ያልተከተቡት ከበዙ ግን ከልጅ ወደ ልጅ ለረጅም ጊዜ ሲዞር ይለወጥና ሽባ የማድረግ ኃይሉን መልሶ ያገኛል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን የታየው ይህ ነው፣ ከሦስቱ የፖሊዮ ቫይረስ ዓይነቶች ሁለተኛው። ያሳደገው አለመከተብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ ስንት ቤተሰብ ሕፃን አዝሎ እንደተሰደደ አይተናል፤ የእነዚያ ሕፃናት ክትባት በየመንገዱ ነው የቀረው።

ጥያቄሽም እዚህ ላይ ነው የሚመለሰው። በተወለደ ጊዜና በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት የሚሰጠው መደበኛ ጠብታ፣ ከሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ወዲህ የያዘው አንደኛውንና ሦስተኛውን ዓይነት ብቻ ነው። ከሁለተኛው የሚጠብቀው በ14 ሳምንት የሚወጋው የፖሊዮ መርፌ ነው፤ እሱ ሦስቱንም ይዟል። ስለዚህ አማትሽ «ይቅር» ካሉት መርፌዎች አንዱ የልጅሽ ዋና መከላከያ ነው። መርፌው ነርቩን ይጠብቃል እንጂ ቫይረሱ አንጀት ውስጥ እንዳይራባ የማድረግ አቅሙ ደካማ ነው። ያንን የሚሠራው ጠብታው ነው። ሁለተኛውን ዓይነት ለመግታት በሚደረገው ዘመቻ የሚሰጠው አዲሱ ጠብታም በቀላሉ እንዳይለወጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። ልጅሽ ካርዱ ቢሞላም ይህን ጠብታ ሲወስድ፣ እሱም ጎረቤት ያለው ያልተከተበ ሕፃንም ይጠበቃሉ። መደጋገሙ አይጎዳውም።

ለአማትሽ፣ በአክብሮት፣ ይህን ንገሪልኝ፦ ሦስቱ መርፌዎች ሌላ ሌላ በሽታ የሚከላከሉ ናቸው፣ በአንድ ቀን መሰጠታቸውም ያልተለመደ አይደለም። ጭኑ ትንሽ ሊያብጥ፣ ሊያተኩሰውም ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል። ጉንፋን ቢይዘውም ውሰጂው። ጠብታውን ወዲያው ከተፋው ይደገምለታል። ተቅማጥ ካለው ይሰጠዋል፣ ግን ለጤና ባለሙያዋ ንገሪያት፤ ሌላ ጠብታ ትጨምርለታለች። ቀጠሮ ካለፈሽ እንደ አዲስ አይጀመርም፤ ካርዱን ይዘሽ ካቆመበት ቀጥዪ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም፦ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለ፣ የትም መርፌ ሳታስወጉ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰድለታል፤ ይህም ከዛለበት ቀን አንሥቶ በ14 ቀን ውስጥ መሆን አለበት። ካርዱ ላይ ያልገባሽ ነገር ካለ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።