ፕሪቫሪኬት፦ መዋሸት ነው ወይስ ማድበስበስ?

ጥያቄ፦ ዜና እተረጉማለሁ። «ፕሪቫሪኬት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ መዝገበ ቃላቴ «ዋሸ» ይለዋል። አለቃዬ ደግሞ «ዛሬ ነገ አለ» ብለህ ጻፍ ይሉኛል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉአቸው። «ዛሬ ነገ ማለት» «ፕሮክራስቲኔት» የሚባል የሌላ እንግሊዝኛ ግስ ፍቺ ነው። ሁለቱ ግሶች ድምፃቸው ስለሚቀራረብ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነም ያምታቷቸዋል፤ በአለቃዎ አይፍረዱ። «ዋሸ» ደግሞ ከልክ ያልፋል። የሚዋሽ ሰው «ገንዘቡን አልወሰድኩም» ይላል። ፕሪቫሪኬት የሚያደርገው ግን «እንዲህ ዓይነት ጉዳዮች በአሠራሩ መሠረት ይታያሉ» ብሎ ያልፋል። ሐሰት አልወጣውም፤ የተጠየቀውንም አልመለሰም።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ «እግረ ወልጋዳ» ማለት ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ትልቁ ፕሊኒ፣ ጎንበስ ብሎ ያላረሰ ገበሬ ትልሙ ይወላገድበታል ሲል የተጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው። ወደ ችሎት የገባውም ከእርሻ ነው ይላል። በሮም ችሎት ከተከሳሹ ጋር በስውር ተመሳጥሮ ክሱን ሆን ብሎ የሚያላላ ከሳሽ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ሮማዊው ተሟጋች ሲሴሮ በዝርፊያ የተወነጀለውን የሲሲሊ ገዥ ቬረስን «እኔ ልክሰስ» ብሎ ሲሟገት፣ በቬረስ ሥር ያገለገለውን ተፎካካሪውን ኬሲሊየስን የጠረጠረው በዚሁ ነው።

የእኛም ነገር ከሞፈር አልራቀም። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» እንል የለ? «ነገር አለባበሰ» ስንልም ግሱ ያው ነው።

ለዜና ግን እኔ «አድበሰበሰ»ን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ይህ ግስ ተሳቢ ይፈልጋል። እንግሊዝኛው ያለ ተሳቢ ይቆማል። «ሚኒስትሩ አድበሰበሱ» ብለው ቢተዉት ግን አንባቢ «ምኑን?» ይላል። «ጥያቄውን አድበስብሰው አለፉት» ይበሉ። «ጉዳዩ ተድበስብሶ ቀረ» የሚለውም ያምራል፤ ችግሩ፣ ማን አድበሰበሰው የሚለውን ራሱን ያድበሰብሳል!

«ዳር ዳር አለ»ን አልመክርም። ብድር ሊጠይቅ የመጣ ወዳጅ ዳር ዳር ይላል፤ እሱ መግቢያ አጥቶ ነው። የሚያድበሰብሰው የሚፈልገው መውጫ ነው። «ዙሪያ ጥምጥም ሄደ» ለጨዋታ ይሆናል፤ ለችሎት ዜና ግን ይረዝማል።